«ፎርማት ይደረግ» ከማለት በፊት፦ በአዲስ ላፕቶፕ ላይ ስለከሸፈ የሥርዓተ ክወና ጭነት



የንግግሬ ርእስ ተራ ነገር ይመስላል። አዲስ ላፕቶፕ ላይ ሥርዓተ ክወና ለመጫን ተሞክሮ ሳይሳካ ሲቀር ምን ይደረጋል? ጥያቄው ይኸው ነው። አንድ ባልደረባዬ ርእሱን ሰምቶ «ይህማ የጥገና ቤት ጉዳይ ነው እንጂ የፋኩልቲ ንግግር አይደለም» ብሎኛል። እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዚያው አስብ ነበር። አሳቤን ያስለወጠኝ በራሴ እጅ የተፈጸመ ስሕተት ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውምና ስሕተቱን ሳልሸሽግ እነግራችኋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት የሥነ ልሳን የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ተናጋሪዎቹ እየተመናመኑ ባሉ አንድ ቋንቋ ላይ ጥናት ታካሂዳለች። ገጠር ወርዳ አረጋውያን ተራኪዎችን በድምፅ ቀርጻለች። የቀድሞ ላፕቶፗ መዳከም ሲጀምር ቅጂዎቹን ሁሉ ቨርጂኒያ የምትኖር አክስቷ ወደላከችላት አዲስ ላፕቶፕ አዛወረች። አሮጌው ብዙም ሳይቆይ ጨርሶ ተበላሸ፤ የድምፅ መቅረጫውም የትምህርት ክፍሉ ንብረት ስለነበረ ውስጡ ጸድቶ ለሌላ ተማሪ ተሰጥቷል። ስለዚህ የእነዚያ አረጋውያን ድምፅ በዓለም ላይ የሚገኘው በአንድ ቦታ ብቻ፣ በዚያ አዲስ ላፕቶፕ ውስጥ ነበር። ከተቀረጹት መካከል ሁለቱ ከዚያ ወዲህ አርፈዋል። እኔ ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከጥፋቱ በኋላ ነው፤ አስቀድሜ አልጠየቅሁም።

ተማሪዋ ወደ ቢሮዬ የመጣችው ለድምፅ ትንተና የምትፈልጋቸው መሣሪያዎች ሊኑክስ የሚጠይቁ ስለነበሩ፣ ከዊንዶውስ 11 ጎን ኡቡንቱን እንድጭንላት ለመጠየቅ ነው። «የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው» አልኳት። ከመሳቢያዬ የቆየ የኡቡንቱ 20.04 ፍላሽ አውጥቼ ሰካሁ። ጫኙ ተነሣ፤ ቋንቋ ጠየቀ፤ የቁልፍ ሰሌዳ ጠየቀ። የሚጫንበትን ዲስክ ምረጥ የሚለው ገጽ ላይ ስንደርስ ግን ዝርዝሩ ባዶ ሆነ። ከደቂቃዎች በፊት ዊንዶውስን ከገዛ ዲስኩ ያስነሣ ላፕቶፕ አሁን ዲስክ የለኝም አለ።

ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን ለጥቂት ጊዜ ላቆየውና፣ ስሕተቴ የት ላይ እንደነበረ ግልጽ እንዲሆን ኮምፒውተር እንዴት እንደሚነሣና ጭነት በምን በምን ደረጃ እንደሚያልፍ ላስረዳ።

አምስቱ ቀለበቶች

ኮምፒውተር ሲነሣ የሚሠራው አንድ አካል ብቻ አይደለም፤ ተራ በተራ ሥራ የሚቀባበሉ በርካታ ክፍሎች ናቸው። የማብሪያውን ቁልፍ ስንጫን መጀመሪያ የሚነቃው በዋናው ሰሌዳ ላይ ባለች ቺፕ የተቀመጠው ፈርምዌር ነው። ፈርምዌሩ በዲስክ ወይም በፍላሽ ላይ ያለውን አስነሺ ፕሮግራም ይፈልጋል። አስነሺው የሥርዓተ ክወናውን እምብርት፣ ማለትም ከርነሉን፣ ወደ ሜሞሪ ያስገባል። ከርነሉም በያዛቸው ድራይቨሮች አማካይነት ዲስኩን፣ ስክሪኑንና ኔትወርኩን ይለያል። ጫኙ ፕሮግራም ለዐይናችን የሚገለጠው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ጫኙም ዲስኩን ይከፋፍላል፣ ፋይሎችን ይጽፋል፣ በመጨረሻም ለፈርምዌሩ «ከእንግዲህ ከዚህ አስነሣ» የሚል ምልክት ትቶ ኮምፒውተሩ አጥፍቶ እንዲነሣ ያደርጋል።

ስለዚህ ጭነትን እንደ አምስት ቀለበት ሰንሰለት ልናየው እንችላለን። የመጀመሪያው የጫኙ ፋይልና ፍላሹ ነው፤ ሁለተኛው ፈርምዌሩ፤ ሦስተኛው የሃርድዌሩ መታወቅ፤ አራተኛው በዲስክ ላይ መጻፍ፤ አምስተኛው የመጀመሪያው ዳግም መነሣት ነው። ተጠቃሚው «አልጫን አለኝ» ሲል የሚናገረው አንድ ቃል ነው፤ ብልሽቱ ግን ከአምስቱ በየትኛውም ላይ ሊሆን ይችላል። መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያ ጥያቄም «ምን ላድርግ?» የሚለው አይደለም። «በትክክል የሠራው የመጨረሻው ደረጃ የቱ ነው?» የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ሲመለስ ከእርሱ በፊት ያሉት ቀለበቶች በአብዛኛው ከጥርጣሬ ነጻ ይወጣሉ፤ ፍለጋውም ይጠባል።

አሁን አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው ቀለበት ፋይሉና ፍላሹ ነው። የኡቡንቱ 24.04 የዴስክቶፕ ፋይል ወደ 6 ጊጋባይት ይጠጋል። ኔትወርክ እየተቆራረጠ ይህን ያህል ፋይል ስናወርድ ስሙ ትክክል ሆኖ ውስጡ የጎደለ ፋይል ሊደርሰን ይችላል። ይህን ለማወቅ አታሚው ከፋይሉ ጋር ኤስኤችኤ 256 የተባለውን የማረጋገጫ ቁጥር ያወጣል። ቁጥሩ 256 ቢት ርዝመት ያለው ሲሆን በ64 ምልክቶች ይጻፋል። ከፋይሉ ውስጥ አንዲት ቢት ብትለወጥ ቁጥሩ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ዊንዶውስ ላይ ሰርትዩቲል የተባለው የትእዛዝ መሣሪያ ይህን ቁጥር ያሰላልናል፤ ሁለቱን ማነጻጸር የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። የወረደው ፋይል ደኅና ቢሆን እንኳ ፍላሹ ሊያሳስት ይችላል። ፋት 32 በተባለው አደራጀት የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል አይቀበልም፤ የዊንዶውስ ዋና የመጫኛ ፋይል ደግሞ ዛሬ ከዚህ መጠን ማለፍ ይችላል። ፋይሎችን በእጅ ወደ ፍላሽ ገልብጠው «አልሠራ አለ» የሚሉ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። ለዚህ ተግባር የተሠራ መሣሪያ፣ ለምሳሌ ሩፉስን ወይም የአታሚውን የራሱን ማዘጋጃ መጠቀም ይህን ችግር ያስቀራል። አንድ ጠቃሚ ምልክት ልጨምር። ጭነቱ በየሙከራው የተለያየ ቦታ ላይ የሚቋረጥ ከሆነ ፍላሹን ወይም የኮምፒውተሩን ሜሞሪ መጠርጠር ይገባል። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚቆም ከሆነ ግን የተበላሸ ፋይልን ወይም ያልተሟላ ቅድመ ሁኔታን አስቀድሞ መመርመር ይሻላል።

ሁለተኛው ቀለበት ፈርምዌሩ ነው። በ1981 የወጣው የአይቢኤም የግል ኮምፒውተር ይዞት የመጣው ባዮስ በኋላ በተለመደው አሠራሩ ከዲስኩ መጀመሪያ 512 ባይት ብቻ አንብቦ ሥራውን ለዚያ ያስረክብ ነበር። ከዚህ ጋር የተያያዘው አሮጌ የዲስክ አከፋፈል ከ2 ቴራባይት ገደማ በላይ መቁጠር አይችልም፤ ከ4 በላይ ዋና ክፍልፋይም አይፈቅድም። ዛሬ ባዮስን የተካው ዩኢኤፍአይ ሲሆን፣ ደንቡን የሚያወጣው መድረክ የተቋቋመው በ2005 ነው። ዩኢኤፍአይ አስነሺውን የሚፈልገው በአንዲት ትንሽ ክፍልፋይ ውስጥ እንደ ተራ ፋይል ነው። ጂፒቲ የተባለው አዲሱ አከፋፈልም እንደ ልማዱ ለ128 ክፍልፋዮች ቦታ አለው። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች እንደ አሮጌው ባዮስ የመነሣት አማራጭ ጭራሽ የላቸውም። ስለዚህ በአሮጌው ስልት የተዘጋጀ ፍላሽ ሲሰካባቸው እንደሌለ ይቆጥሩታል። ፍላሹ በማስነሻ ዝርዝሩ ውስጥ ካልታየ የሚቀየረው የፍላሹ አዘገጃጀት ነው፤ ላፕቶፑን መወንጀል አይገባም።

በዚሁ ቀለበት ላይ ሴኪዩር ቡት የተባለው ጥበቃ ይገኛል። በ2012 ከዊንዶውስ 8 ጋር በሰፊው የተሰራጨ ነው። ሥራውም የታወቀ ዲጂታል ፊርማ የሌለውን አስነሺ ከደጅ መመለስ ነው። ብዙዎቻችን «ሊኑክስ ለመጫን መጀመሪያ ሴኪዩር ቡትን አጥፋ» የሚለውን ምክር እንደ ሕግ ይዘነዋል። ይሁን እንጂ እንደ ኡቡንቱ ያሉት ታዋቂ ሥርጭቶች አስነሺያቸው የተፈረመ ስለሆነ፣ ይህ ጥበቃ ሳይጠፋ ይነሣሉ። ይህን ነጥብ አስታውሱልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛው ቀለበት የሃርድዌር መታወቅ ነው። አንድ ጫኝ የሚያውቀው እርሱ ከመታተሙ በፊት ድራይቨር የተጻፈለትን ዕቃ ብቻ ነው። አዲስ ላፕቶፕና አሮጌ ፍላሽ ሲገናኙ ያለመግባባት የሚፈጠረው በዚህ ምክንያት ነው። ኢንቴል ከ11ኛው ትውልድ ወዲህ ባሉት ብዙ የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ውስጥ ቪኤምዲ የተባለ ተቆጣጣሪ ይገኛል። ቪኤምዲ ሲበራ ዲስኩ ከጀርባው ይቆማል፤ በቀጥታ ለሥርዓተ ክወናው አይታይም። የቪኤምዲን ድራይቨር የያዘ ሥርዓት ዲስኩን ያገኘዋል፤ ያልያዘ ሥርዓት ደግሞ ባዶ ዝርዝር ያሳያል። ይህ በሊኑክስ ብቻ የሚደርስ አይደለም። ዊንዶውስን እንደገና ለመጫን የሚሞክር ሰውም «ዲስክ አልተገኘም» የሚል ገጽ ሊገጥመው ይችላል። መፍትሔው ከላፕቶፑ አምራች ድራይቨሩን አውርዶ በፍላሽ ላይ ማስቀመጥና «ድራይቨር ጫን» በሚለው አማራጭ ማሳየት ነው። ለሊኑክስ ደግሞ ቀላሉ መንገድ አዲስ እትም መጠቀም ነው። የዋይፋይም ነገር እንዲሁ ነው፤ ካርዱ ለጫኙ አዲስ ሆኖ ኔትወርክ ቢጠፋ፣ ስልክን በገመድ አገናኝቶ የስልኩን ኢንተርኔት ማጋራት ብዙ ጊዜ ከችግር ያወጣል።

አራተኛው ቀለበት በዲስክ ላይ መጻፍ ነው። መመለስ የማይቻልበት ደረጃ ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም። ጫኙ «ከዊንዶውስ ጎን ጫን» ወይም «ዲስኩን ደምስሰህ ጫን» ይላል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አንድ ጠቅታ ነው። ከዊንዶውስ ጎን ለመጫን የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ በዊንዶውስ የራሱ የዲስክ ማስተዳደሪያ ለአዲሱ ሥርዓት የሚሆን ባዶ ቦታ ቢያስለቅቅ ይመረጣል። ፈጣን ማስነሻ የተባለውንም አማራጭ ማጥፋት አለበት። ይህ አማራጭ ሲበራ ዊንዶውስ ተዘጋ ስንለው በእርግጥ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ከፊሉን በዲስክ ላይ አስተኝቶ ስለሚያቆየው ሌላ ሥርዓት በዚያ ክፍልፋይ ላይ ቢጽፍ ፋይል ሊበላሽ ይችላል። ከሁሉም በላይ የዲስክ ምስጠራን ማሰብ ያስፈልጋል። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈቱ ዲስካቸውን በቢትሎከር ስልት በራሳቸው ይመሰጥራሉ፤ ባለቤቱ አንዳችም ላያውቅ ይችላል። የምስጠራው ቁልፍ የሚጠበቀው ቲፒኤም በተባለው የደኅንነት ቺፕ ሲሆን፣ ቺፑ ቁልፉን የሚሰጠው የማስነሻው ሁኔታ ሲመሰጠር እንደነበረው ከሆነ ብቻ ነው። ሁኔታው ከተለወጠ ሰማያዊ ገጽ ይመጣና 48 አኃዝ ያለው የመልሶ መክፈቻ ቁልፍ ይጠይቃል።

አምስተኛው ቀለበት ዳግም መነሣት ነው። ጭነቱ ተጠናቅቆ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ቀጥታ ወደ ዊንዶውስ ከገባ፣ ወይም ጫኙ ከመጀመሪያው እንደገና ከጀመረ፣ ብዙ ሰው ጭነቱ የከሸፈ መስሎት ይደግመዋል። ብዙ ጊዜ ግን የቀረው ፍላሹን መንቀልና በፈርምዌሩ ውስጥ የማስነሻ ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ብቻ ነው።

ያደረግሁት

አሁን ወደ ቢሮዬ እንመለስ። ስክሪኑ ላይ ባዶ የዲስክ ዝርዝር አለ። የምታዳምጡኝ ሁሉ ምርመራውን እንደምትጨርሱት አልጠራጠርም። ፍላሹ ተነሥቷል፣ ስለዚህ አንደኛውና ሁለተኛው ቀለበት ሠርተዋል። ያልሠራው ሦስተኛው ነው። መደረግ የነበረበትም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ላፕቶፑን ሳይነኩ አዲስ እትም ያለበት ፍላሽ ማዘጋጀት።

እኔ ግን ልምድ አለኝ ባይ ነበርኩና ወደ ፈርምዌሩ ገባሁ። ቪኤምዲን አጠፋሁ። እግረ መንገዴን ሴኪዩር ቡትን አጠፋሁ፤ ለምን ብባል «እንዲያው ለማንኛውም» ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም። አስነሣሁት። ኡቡንቱ ዲስኩን አገኘው፤ ነገር ግን ዲስኩ የተመሰጠረ መሆኑን ነግሮኝ መጀመሪያ ዊንዶውስ ውስጥ ገብቼ ምስጠራውን እንዳጠፋ አዘዘኝ። ዊንዶውስን ለማስነሣት ስሞክር ሰማያዊው ገጽ መጣ፤ 48 አኃዝ ጠየቀ።

እዚህ ላይ እንኳ አልመሸም ነበር። የለወጥኋቸውን ሁለት ነገሮች ወደነበሩበት ብመልስ ቺፑ የቀድሞውን ሁኔታ አይቶ ቁልፉን ሊሰጥ ይችል ነበር። እኔ ግን ፈርምዌሩ ውስጥ «የደኅንነት ቺፑን አጽዳ» የሚል አማራጭ አየሁ። ችግሩ ከቺፑ ከሆነ ቺፑን ባጸዳው ይቃለላል ብዬ፣ የማስጠንቀቂያውን ጽሑፍ ሳላነብብ «አዎ» አልኩ። በዚያች ቅጽበት ቺፑ የያዘውን ምስጢር ጣለ። ከዚያ በኋላ ሁሉንም ወደነበረበት ብመልስም የሚመለስ ነገር አልነበረም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሰው ነበር።

ተማሪዋ ፊቴን አይታ ነገሩን ተረዳች። ከዚያም በትሕትና «መምህር፣ ካልሆነ ፎርማት ያድርጉት፤ እርስዎን አላስቸግር» አለችኝ። እኔም ለአፍታ ፈቃድ ያገኘሁ መሰለኝ። ደምስሼ ብጭነው በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚሠራ ላፕቶፕ አስረክባት ነበር፤ ስሕተቴም ከዲስኩ ጋር አብሮ ይደመሰስ ነበር። እጄን ከቁልፍ ሰሌዳው ሳላነሣ «ውስጡ ምን አለ?» ብዬ ጠየቅሁ። ከሁሉ በፊት ልጠይቀው የሚገባኝን ጥያቄ የጠየቅሁት ያን ጊዜ ነው። ስለ አረጋውያኑ የነገረችኝም ያን ጊዜ ነው።

ላፕቶፑን ዘጋሁት፤ ምንም እንዳንነካም ተስማማን። ወረቀት አውጥቼ የለወጥኋቸውን ሦስት ነገሮች በቅደም ተከተል ጻፍኩ፤ የሰማያዊውን ገጽ ፎቶ በስልክ አነሣሁ። በገጹ ላይ የቁልፉ መለያ ቁጥር ይታያል፤ ከብዙ ቁልፎች መካከል የትኛው እንደሚፈለግ የሚያመለክት ነው። ቀጥሎ የቀረው ጥያቄ ቁልፉ የት ነው የሚለው ሆነ። ተማሪዋ የራሷን አካውንት ከፍታ ፈለገች፤ የለም። ወደ ኋላ ሄደን ላፕቶፑን መጀመሪያ የከፈተው ማን እንደሆነ አሰብን። አክስቷ ዕቃው ደኅና መሆኑን ለማረጋገጥ ቨርጂኒያ ሆና በራሷ አካውንት ከፍታው ነበር። ምስጠራው የጀመረው በዚያ ቀን ነው፤ ቁልፉም የተቀመጠው በአክስትየው አካውንት ውስጥ ነው።

ከውጭ በዘመድ እጅ የሚመጣ ላፕቶፕ በሀገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። እዚህ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ የያዛችሁት ላፕቶፕ በሰው ሻንጣ የመጣ ይሆናል። ዕቃው በእጃችሁ ሆኖ ቁልፉ በሌላ ሰው አካውንት፣ በሌላ ክፍለ ዓለም ሊሆን እንደሚችል ግን ስንቶቻችን አስበን እናውቃለን?

አክስትየዋ የይለፍ ቃሏን ረስታው ስለነበር እስክታስመልስ ሦስት ቀን ፈጀ። በሦስተኛው ምሽት በሥራ እረፍቷ ደውላ ቁጥሩን ታነብልን ጀመር። መስመሩ ይቆራረጣል። «የኔ ልጅ፣ ቀስ ብለሽ ጻፊ» ትላለች። ጻፍን፤ አስገባን፤ ቁልፉ ትክክል አይደለም ተባልን። የተማሪዋ እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በዚህ ጊዜ ያዳነን አንድ ትንሽ የሒሳብ እውነት ነው። 48ቱ አኃዞች በ8 ቡድን የተከፈሉ ሲሆን በየቡድኑ 6 አኃዝ አለ። እያንዳንዱ ቡድን ለ11 ያለ ቀሪ የሚካፈል ሆኖ የተሠራ ነው። ለምሳሌ ያህል 135795 የሚለውን ቁጥር ውሰዱ፤ ለ11 ሲካፈል 12345 ይሰጣል። ከአኃዞቹ አንዱን ብንሳሳትና 135895 ብለን ብንጽፍ 1 ይቀራል። በአንድ ቡድን ውስጥ አንድ አኃዝ ቢሳሳት ወይም ሁለት ጎረቤታም አኃዞች ቦታ ቢለዋወጡ ክፍፍሉ ያጋልጠዋል። ከክፍፍሉ የሚገኘው ድርሻ 16 ቢት ነው፤ ስምንቱ ቡድኖች አንድ ላይ 128 ቢት ይሆናሉ፤ ቁልፉም ያ ነው። ስምንቱን ቡድኖች በካልኩሌተር ስናካፍል ሰባቱ ያለ ቀሪ ወጡ፤ አምስተኛው ቀሪ ተወ። አክስትየውን ያንን ቡድን ብቻ ደግማ እንድታነብ ጠየቅናት። አንድ አኃዝ አሳስተን ሰምተናል። አስተካክለን አስገባነው፤ ቪኤምዲንና ሴኪዩር ቡትን አስቀድመን መልሰን ስለነበር ዊንዶውስ ተነሣ።

መጀመሪያ ያደረግነው ፋይሎቹን በሁለት የውጭ ዲስኮች መገልበጥ ነው። ተማሪዋ አንዱን ፋይል ከፈተች። አንድ አዛውንት ጉሮሮአቸውን ጠርገው መናገር ጀመሩ። ቋንቋውን አላውቀውም፤ ተረቱ እስኪያልቅ ግን ሁለታችንም አልተንቀሳቀስንም። ኡቡንቱን በሚቀጥለው ሳምንት በአዲስ እትም ፍላሽ ጫንነው። ዲስኩን ያለ አንዳች የፈርምዌር ለውጥ አገኘው። ሴኪዩር ቡትም እንደበራ ነበር።

ፎርማት ለምን መልስ አይደለም

በአገራችን የኮምፒውተር ጥገና ባህል ውስጥ «ፎርማት ይደረግ» የሚለው ቃል የሁሉ በሽታ መድኃኒት ሆኗል። ለምን እንደተወደደ ይገባኛል፤ ፈጣን ነው፣ ብዙ ጊዜም ይሠራል። ነገር ግን በትምህርት ተቋም ውስጥ ላለን ሰዎች ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛው ግልጽ ነው፤ መረጃ ይጠፋል። ሁለተኛው ብዙ አይነገርም፤ ማስረጃው ይጠፋል። ብልሽቱ በየትኛው ቀለበት ላይ እንደነበረ ሳናውቅ ስለምንደመስሰው፣ ምንጩ ፍላሹ ከነበረ ነገም ይደገማል፤ ምንጩ የእኛ እጅ ከነበረም አንማርበትም። ቤተ ሙከራ ውስጥ ያልተሳካ ሙከራ ሲገጥመን ናሙናውን ጥለን ማስታወሻውን አናቃጥልም። በገዛ ኮምፒውተራችን ላይ ይህን የምናደርግበት ምክንያት የለም።

ከዚያ ወዲህ የምሠራበትን ሥርዓት በአጭሩ ላካፍላችሁ። አንደኛ፣ ማንኛውንም ነገር ከመንካቴ በፊት «ውስጡ ምን አለ? ሌላ ቅጂስ የት አለ?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ ቅጂ ከሌለ ሥራው በመገልበጥ ይጀምራል። ሁለተኛ፣ ዲስኩ የተመሰጠረ መሆኑን አረጋግጬ የመልሶ መክፈቻ ቁልፉ በባለቤቱ እጅ በወረቀት እስኪጻፍ ድረስ ወደ ፈርምዌር አልገባም፤ ፈርምዌር መለወጥ ግድ ከሆነም አስቀድሜ በዊንዶውስ ውስጥ ጥበቃውን ለጊዜው አግዳለሁ። ሦስተኛ፣ በትክክል የሠራውን የመጨረሻ ደረጃ አገኛለሁ። አራተኛ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እለውጣለሁ፤ ካልረዳ ወደነበረበት እመልሳለሁ፤ ሁለቱንም እጽፋለሁ። አምስተኛ፣ ስክሪኑ ላይ የወጣውን ጽሑፍ ሳላነብብ «አዎ» አልልም፤ ካልገባኝ ፎቶ አንሥቼ እጠይቃለሁ። ላፕቶፑም ባትሪው ሞልቶ ከኃይል ጋር ሳይገናኝ ሥራ አልጀምርም፤ በተለይ ፈርምዌሩን ማደስ ካስፈለገ መሐል ላይ ኃይል ቢቋረጥ ሰሌዳውን ሊገድለው ይችላልና።

ከእነዚህ አንዱም ልዩ ዕውቀት አይጠይቅም። የሚጠይቁት መታገሥንና «አላውቅም» ለማለት መድፈርን ነው። እኔ በዚያ ቀን የጎደለኝ ዕውቀት አልነበረም፤ ስለ ቪኤምዲም ስለ ቲፒኤምም አስተምር ነበር። የጎደለኝ፣ ከፊቴ የተቀመጠው ዕቃ የሰው ልፋት የሰፈረበት መሆኑን ማሰብ ነው።

ዛሬ ማታ ወደየቤታችሁ ስትመለሱ አንድ ነገር ብቻ እንድታደርጉ እለምናችኋለሁ። ላፕቶፓችሁ የተመሰጠረ መሆን አለመሆኑን እዩ። ከተመሰጠረ ቁልፉ በማን አካውንት እንዳለ አጣሩ፤ በወረቀት ጽፋችሁም ከላፕቶፑ ርቆ በሚገኝ ቦታ አስቀምጡት። ላፕቶፑ ከባሕር ማዶ የመጣ ከሆነ ደግሞ ለላኪው ዘመድ ደውሉ፤ ሰላምታውም አይቀርባችሁ።